ወንድሜ ወደ ሞተበት የድንጋይ ካባ፤ ከጉለሌ እስከ ጌዶ

ጋሼ ታደሰን ለመጨረሻ ጊዜ ቀኑን ሙሉ ያየሁት ከፋሲካ በኋላ በነበረው ማክሰኞ ነው። ቀኑ ምንም የተለየ ነገር አልነበረውም። ለበዓሉ ከአምቦ መጥቶ ጉለሌ እናታችን ቤት ነበር። ጠዋት የጓሮውን አጥር አቃናን። ከሰዓት በኋላ የቀበሌ ሱቅ ስኳር መጣ ተብሎ ተሰለፍኩ፤ እሱ መጥቶ ወረፋዬን ያዘልኝና ሄጄ ምሳ በላሁ። ስመለስ ከኋላው ከቆሙት ሴቶች ጋር ሲከራከር አገኘሁት። የሱቁን የብሎኬት ግድግዳ በጣቱ አንጓ እያንኳኳ፣ ድምፅ የለውም፣ ሆዱ ባዶ ነው ይላቸዋል። አንዷ፣ "የእኛስ ሆድ መቼ ሞልቶ ነው የግድግዳው የሚሞላው?" አለችው። ሁሉም ሳቀ፤ እሱም ሳቀ። ስኳሩ እኛ ጋ ሳይደርስ አለቀ።

ረቡዕ በማለዳው አውቶቡስ ሄደ። ሐሙስ ሞተ። ዓርብ አስከሬኑ በጭነት መኪና መጣ።

ይህን የምጽፈው የዕድራችን ሰዎች አገሩ እንዴት ያለ ነው፣ እንዴት ሰነበትክበት እያሉ ስለሚጠይቁኝ ነው። አብዛኞቹ ወደዚያ የሚሄዱበት ምክንያት የላቸውም። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት የተቀመጥኩ ሰው ነኝ፤ ከትምህርት ቤት ድርሰት ሌላ ጽፌ አላውቅም። ያየሁትን በየቀኑ ቅደም ተከተል አስቀምጣለሁ። እማዬ የማትወደው ነገር አለበት። ሳልጽፈው በፊት ግን ሁሉንም በአፌ ነግሬያታለሁ። ምን እንዳለችኝ አልጽፍም።

ጋሼ ታደሰ ድንጋይ ጠራቢ ነበር። ሥራውን የተማረው ከአብዮቱ በፊት፣ ገና ጎረምሳ ሳለ፣ እዚያው አምቦ ነው። ካባው ሲዘጋ ወደ አዲስ አበባ ተመልሶ ለብዙ ዓመት ብሎኬት ሲያመርት ኖረ። ከሁለት ዓመት በፊት፣ አስተማሪው የነበሩት ኦቦ ጉተማ "ድንጋይ ፈላጊ አገኘ፤ ና" ብለው ላኩበት። በሁለተኛው ቀን ሄደ።

አርባው ካለፈ በኋላ የእኚሁ ሽማግሌ ደብዳቤ ደረሰን። ልብሱና ብረቶቹ እንዳሉ፣ መደቡም እንደሚጠብቀኝ ይላል። መደብ የሚሉት እያንዳንዱ ጠራቢ ተለይቶ የተሰጠውን የገደል ፊት ነው። ሰው መደቡ ላይ ከሞተ፣ ከሥጋ ዘመዱ አንድ ሰው መጥቶ የመጀመሪያውን መዶሻ እስኪመታ ድረስ ማንም ብረት አያሳርፍበትም። ይህ የቆየ ልማዳቸው ነው። የጋሼ ታደሰ መደብ ደግሞ የካባው አፍ ላይ ነው፤ በእሱ ሳይታለፍ ወደ ሌላው አይደረስም። ስለዚህ እሱ ከሞተ ጀምሮ ሥራው በሙሉ ቆሟል።

ደብዳቤውን ለእማዬ ሳነብላት እስከ መጨረሻው ሰማች። ከዚያ እንዲህ አለች።

"ልብሱንና ብረቱን አምጣ። ድንጋዩን ግን እንዳትነካላቸው። ልጄን የበላ ጉድጓድ ተዘግቶ ይቅር።"

እሺ አልኳት። እኔም ከእሷ የተለየ ሐሳብ አልነበረኝም።

ሰኞ

የሰኔ ጾም የገባ ዕለት ነው። ከመርካቶ በአውቶቡስ ተነሣሁ። እማዬ ላስጠጉት ሰዎች ብላ የጋገረችውን ድፎ ዳቦ በጋሼ ታደሰ አሮጌ ሻንጣ አድርጌ ጣሪያው ላይ አስጫንኩ። እስከ ሆለታ መንገዱ ደህና ነው። ከዚያ ወዲያ ሜዳው ይሰፋል። የእኛ ሰፈር ሰው ቀና ሲል የሚያየው የእንጦጦን ዛፍ ነውና፣ ዓይን የሚያርፍበት ጋራ ሲጠፋ ትንሽ ያደናግራል።

አዲስ ዓለም ኬላ ላይ ወረቀታችንን ጠየቁን። የእኔ የይለፍ ወረቀት ማኅተም አለው፤ የጉዞው ምክንያት ግን "ለግል ጉዳይ" ይላል። ጥበቃው ወጣት ለግል ጉዳይ የትም አይሄድም ብሎ አስወረደኝ። በዚያን ጊዜ በእኔ ዕድሜ ያለ ወንድ ኬላ ላይ ወረደ ማለት ለጦርነት ታፈሰ ማለት እንደሆነ አንባቢ ያውቃል። አውቶቡሱ ሻንጣዬን እንደያዘ ሄደ። ምክንያቴን ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ ወንድሜ የሚለው ቃል ላይ ስደርስ አልወጣ አለኝ። ሁለት ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። ጥበቃው የምዋሽ መሰለው።

ኬላው አጠገብ ቆሎ የምትሸጥ ሴት ከተቀመጠችበት ሳትነሣ፣ "ኀዘንተኛ ነው እኮ፤ የተላጨ ራሱን አታየውም?" አለችው። እሱም ራሴን አየ። አለቃው እስኪመጣ አስጠበቁኝ። አለቃው ሲለቀኝ አሥር ሰዓት አልፎ ስለነበር መኪና አልነበረም።

ሴትየዋ ወይዘሮ አስካለ ትባላለች። ቤቷ ከማርያም ቤተ ክርስቲያን በታች ነው። ከእኛ ቤት ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ ጭቃ፣ ቆርቆሮ፣ በጋዜጣ የተለበጠ ግድግዳ። ልዩነቱ የእሷ ጋዜጦች በትክክል መለጠፋቸው ነው፤ ተኝቶ ማንበብ ይቻላል። የተልባ ፍትፍት አበላችኝ። ያስተኛችኝ በልጇ አልጋ ነው። ልጇ ሰሜን ጦር ግንባር ነው። ስለ እሱ የነገረችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በግድግዳው በኩል እንደሚተኛ። እኔም በግድግዳው በኩል ተኛሁ።

ማክሰኞ

ጠዋት ወይዘሮ አስካለ ራሷ መንገድ ላይ ቆማ ጨው የጫነ መኪና አስቆመችልኝ። ሹፌሩን እንደ ልጇ ነው የተቆጣችው፤ ቦታ የለኝም ሲላት ጨው ላይ አስቀምጠው አለችው። ጊንጪ ድረስ ጨው ላይ ተቀመጥኩ። ጊንጪ ላይ ሹፌሩ አዝኖልኝ ወደ ውስጥ አስገባኝ። እስከ አምቦ ስለ ጎማ ዋጋ ሲያወራኝ ሄደ። የወንድሜን ነገር ስላልጠየቀኝ በልቤ አመሰገንኩት።

አምቦ እኩለ ቀን ላይ ገባሁ። ስለ ሻንጣው ልጠይቅ መናኸሪያ ስሄድ ሻይ የምትሸጥ ሴት እየሳቀች የለም አለችኝ። ሻንጣው ላይ በቀለም "ታደሰ" የሚል ተጽፏል። አውቶቡሱ ሰኞ ሲራገፍ ሰዎች ስሙን አንብበው፣ ይህማ የጠራቢው ነው ብለው ተከራይቶ ወደሚኖርበት ቤት ወስደውታል።

ቤቱን ያከራዩት አዴ ጫልቱ ይባላሉ። በጤና ጣቢያው ቁስል የሚያጥቡ፣ መርፌ የሚወጉ ሴት ናቸው። በሩ ላይ ሲያዩኝ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ፤ ፊታችን ይመሳሰላል። ካቀፉኝ በኋላ፣ "ረቢ ሲ ሃ ጃጃቤሱ" አሉኝ። እግዚአብሔር ያጽናህ ማለታቸው ነው። ቀጥለው በአማርኛ፦

"ሻንጣው ካንተ በፊት መጣ። ከሥራ ስገባ ደጃፍ ላይ አየሁት። ለአንድ አፍታ እሱ የተመለሰ መሰለኝ። እዚያው አጠገቡ ተቀመጥኩ።"

ዳቦ አለበት አልኳቸው።

ፕሮቴስታንት ናቸው። ጸሎት ቤታቸው ታሽጎ ስለነበር ከልጆቻቸው ጋር እቤት፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይዘምራሉ። እኛ ሰፈር ቅዳሴ በማይክሮፎን ስለሚሰማ፣ እንዲህ በሹክሹክታ ሲዘመር ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ማዕድ ሲቀርብ ለእኔ ሽሮ ለብቻው መጣ። እኛ አንጾምም፣ ታደሰ ግን አንድም ጾም አይስትም ነበር፣ ይህ የእሱ ድስት ነው፣ ቅቤ ነክቶት አያውቅም አሉኝ። ከሞተ ሃምሳ ቀን ሊሞላ ነው፤ ድስቱን እንደተለየ አስቀምጠውታል።

በነገራችን ላይ የአምቦ ውሃ እንደሚባለው ነው። ከምንጩ ቀድተው ሰጡኝ። አፍ ውስጥ ይፈላል። እኔ ግን የቧንቧችንን እመርጣለሁ።

ረቡዕ

ኦቦ ጉተማ ማልደው መጡ። ቀጭን፣ ረጅም ሽማግሌ ናቸው፤ የግራ እጃቸው አውራ ጣት ጥፍር የለውም። ሌንጂሳ የሚባል ጎረምሳ ጠራቢ አብሯቸው አለ። ካባው ከከተማው የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ነው። በመንገድ ላይ ሽማግሌው የድንጋዩን ታሪክ ነገሩኝ።

ድሮ ከዚህ የሚወጣው ቀይና ነጭ ድንጋይ አዲስ አበባ ድረስ ለትልልቅ ቤቶች ይሄድ ነበር። መኪና በቀን ሁለት ሦስቴ ይጭናል። ከአብዮቱ በኋላ ካባው ሲወረስ ባለቤቱ አገር ለቆ ሄደ። ካባውን የተረከበው መንግሥት ድንጋይ አልፈለገም፤ ያኔ ሁሉ ነገር ሲሚንቶ ነው። ጠራቢው ተበተነ። አንዳንዱ ወደ እርሻ፣ አንዳንዱ ወደ ከሰል ገባ። መሯቸውን ለቀጥቃጭ ሰጥተው ማጭድ ያሠሩበት ብዙ ናቸው። ካባውን ቁጥቋጦ ዋጠው። ኋላ ሲሚንቶ በፈቃድ ሆነ፣ ፈቃዱም ለትልልቅ ሥራ ብቻ። ያን ጊዜ የጌዶ ገበሬዎች ማኅበር ጤና ጣቢያ ሊሠራ ድንጋይ ፈልጎ መጣ። ሙያውን የሚያውቅ የቀረው እሳቸውና ጋሼ ታደሰ ብቻ ነበሩ። ሁለቱ ሃያ ጎረምሳ አስተማሩ።

ካባው ስንደርስ ሃያዎቹ ቆመው ጠበቁን። መዶሻና ድጅኖአቸው ዳር ላይ ተደርድሯል፤ ዝናብ ነክቶት ዝጓል። የእኛ አገር ድንጋይ ጥቁር ነው፤ እንዲህ ያለ ቀይ ገደል አይቼ አላውቅም። እንደ መጽሐፍ ገጽ ንብር በንብር ተደራርቧል። በላዩ ከሰው ቁመት የሚበልጥ አፈር ተጭኖታል። አፉ ላይ አንድ ቦታ አፈርና ድንጋይ ተቀላቅሎ ፈስሷል። ማንም እዚህ ነው አላለኝም።

ማን እንደገደለው ማወቅ እፈልግ ነበር። ቤት የሚወራው ሌሎቹ ከላይ ንደውበት ነው የሚል ነው። ማነው ከላይ የነበረው ብዬ ጠየቅሁ። ሌንጂሳ መሬት መሬት አየ።

"ማንም አልነበረም" አሉ ኦቦ ጉተማ። "እሱ ራሱ ነው፣ ልጄ። ብዋሽህ ይቀልህ ነበር።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ድንጋይ ከመነካቱ በፊት በላዩ ያለው አፈር መገፈፍ አለበት። የካባ የመጀመሪያው ሕግ ይህ ነው፤ ጋሼ ታደሰም ለጎረምሶቹ በየጠዋቱ ይለው ነበር። የማኅበሩ መኪና ግን የሚመጣው ሐሙስ ሐሙስ ብቻ ነው። እሱ ለፋሲካ ብሎ ሦስት ቀን ከሥራ ቀርቶ ነበር፤ ድንጋዩ አልደረሰም። አፈሩን ልግፈፍ ካለ መኪናው ባዶውን ይመለሳል። ጎረምሶቹን ወደ ኋላ አሽሽቶ ብቻውን ከሥር ገባ፤ ሁለት ሽብልቅ መታ። ሦስተኛውን አልመታም።

ከዚያ የእማዬን ቃል እንዳለ ነገርኳቸው፤ ጉድጓዱ ተዘግቶ ይቅር ብላለች፣ እኔም ልብሱንና ብረቱን ልወስድ ነው የመጣሁት አልኩ።

ሌንጂሳ ለጓደኞቹ በኦሮምኛ የሆነ ነገር አለ። ምን አልክ ስለው በአማርኛ ደገመው።

"የአዲስ አበባ ልጅ መዶሻው ከበደውና በእናቱ አመካኘ ነው ያልኩት።"

ኦቦ ጉተማ በዱላቸው ጫፍ ትከሻውን ነካ አደረጉት። ወደ እኔ ዞረው እናትህ ልክ ናት አሉኝ። እኔም እናቱ ብሆን ይህንኑ እል ነበር፣ አንመታም ካላችሁ ማንም አይቀየምህም፣ ብቻ ነገ ከሌንጂሳ ጋር ጌዶ ሂድና የሠራውን እየው፣ ከዚያ እንደ ልብህ አድርግ አሉ። ቀጠሉና፣ ዝናቡ ሊገባ ነው፣ በዚህ ሳምንት ካልተከፈተ ማኅበሩ በብሎኬት ይጨርሰዋል፣ ያን ጊዜ ይህ ካባ ዳግመኛ ሲከፈት እኔ አላይም አሉ። ይህን ያሉት ቅር ሳይላቸው ነው፤ ስለ አየር ጠባይ እንደሚያወራ ሰው።

ሐሙስ

ከሌንጂሳ ጋር በማኅበሩ መኪና ጌዶ ሄድን። መኪናው ባዶ ስለሆነ ይዘላል። ጉደር ላይ ፏፏቴውን እይ አለኝ፤ አየሁት። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ሽቅብ ነው፤ ብርዱ ከእንጦጦ ይብሳል። ሌንጂሳ ምንም ሳይናገር ካፖርቱን አውልቆ ጭኔ ላይ ጣለልኝ። ለበስኩት። ትናንት ስላለኝ ነገር አላነሣንም።

ጤና ጣቢያው ከከተማው ዳር ነው። ግድግዳው ትከሻዬ ድረስ ደርሷል። ሲሚንቶ ስላልተገኘ ድንጋዮቹ የተያያዙት በጭቃ ነው፤ ዝናብ እንዳያጥበው ጫፉን በሣር ሸፍነውታል። ጎኑ ላይ ከሌላ ሥራ ተርፎ የመጣ ብሎኬት ተከምሯል።

ከበሩ ፊት ለፊት መሬቱ ላይ እሾህ የታጠረ ቦታ አለ። ውስጡ ድንጋዮች በቅስት ቅርጽ ተኝተው ተደርድረዋል፤ የበሩ ራስ ናቸው። ጋሼ ታደሰ ሳይሰቅላቸው በፊት መሬት ላይ አገጣጥሞ በመሮ ቁጥር ቀርጾባቸዋል፤ ከአንድ እስከ አራት በአንድ ወገን፣ ከስድስት እስከ ዘጠኝ በሌላው። አምስተኛው፣ የመሐሉ፣ የለም። ቦታው ባዶ አፈር ነው።

የማኅበሩ ሊቀመንበር አንድ ወፍራም ገበሬ ናቸው። እሾሁን እኛ ነን ያጠርነው፣ ከብት እንዳይረግጠው፣ አንድ ድንጋይ ቦታውን ከለቀቀ መልሶ የሚያገጣጥም የለም አሉኝ። ውሃ የተሸከሙ ሴቶች ሲያልፉ አየሁ። አጥሩ ጋ ሲደርሱ ዞረው ነው የሚያልፉት፤ በአጥሩ ዙሪያ አዲስ የእግር መንገድ ወጥቷል። ሃምሳ ቀን የከተማው ሰው ሁሉ የወንድሜን ድንጋይ ሲዞር ከርሟል ማለት ነው።

አምስተኛው የት ነው አልኩት ሌንጂሳን።

"ገደሉ ውስጥ ነዋ" አለ። "ያን ቀን ሊያወጣው የነበረው እሱን ነው። ቀዩ ንብር ውስጥ ነው፤ እኔ አውቀዋለሁ።"

በዚያው መኪና ወደ አምቦ ተመለስን። አዴ ጫልቱ ቤት ኦቦ ጉተማ ተቀምጠው ይጠብቁን ነበር። ሳልቀመጥ፣ "እማዬ አልፈቀደችም። እኔ ግን ነገ እመታለሁ" አልኳቸው። ሽማግሌው ብድግ ብለው ጨበጡኝና ሄዱ። አዴ ጫልቱ ግን እስክበላ ጠብቀው፣ ለእናትህ በሰው እንዳትልክባት፣ በደብዳቤም እንዳይሆን፣ ፊት ለፊቷ ቁጭ ብለህ ራስህ ንገራት አሉኝ። እሺ አልኩ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለተኛው እሺታዬ ነው፤ ይህን የምጠብቀው ለእማዬ የገባሁትን የመጀመሪያውን አፍርሼ እንደሆነ አውቅ ነበር።

ዓርብ

ካባው ስደርስ ሃያዎቹ ዳር ይዘው ቆመዋል። እንደ ልማዱ ከመጀመሪያው ምት በፊት ማንም አይናገርም፣ ማንም አያግዝም። ኦቦ ጉተማ የጋሼ ታደሰን መዶሻና አንድ ሽብልቅ አቀረቡልኝ። ሽብልቁ የሚገባበትን መስመር በጣታቸው አሳዩኝ። ሦስት አራት ምት ይበቃል፤ ከዚያ እነሱ ይረከባሉ።

መስመሩን አየሁት። ከዚያ ቀና ብዬ ከበላዩ ያለውን አፈር አየሁ። ግማሹ ተንዶ ግማሹ እንዳለ ነበር።

መዶሻውን አልተቀበልኩም። ከተደረደሩት ብረቶች ዶማና አካፋ አንሥቼ በጎን በኩል ወደ ላይ ወጣሁ። ከታች ጉርምርምታ ሰማሁ፤ የምሸሽ የመሰላቸው ነበሩ። አፈሩን ከጫፉ ራቅ ብዬ መቆፈርና ወደ ኋላ መጣል ጀመርኩ። ዶማ አያያዝ አላውቅም። መዳፌ ቶሎ ተላጠ። ሌንጂሳ ሊወጣ ሁለት እርምጃ ሄደ፤ ኦቦ ጉተማ በዱላቸው ከለከሉት። ገና አልተመታምና ማንም ሊነካው አይችልም። ሽማግሌው ጋቢያቸውን አጥፈው ከሥራቸው አደረጉና ቁጭ ብለው ጠበቁ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተቀመጡ።

ፀሐይዋ ልታዘቀዝቅ ስትል ከአካፋው ሥር የድንጋይ ድምፅ ሰማሁ። ቀዩን ንብር ከዳር እስከ ዳር ጠረግሁት። ከበላዩ ምንም አልቀረም። ወርጄ መዳፌን በሱሪዬ ጠረግሁና መዶሻውን ከኦቦ ጉተማ እጅ ተቀበልኩ።